ልጁን አትዋሹት

«ፎቶ ልንነሳ ነው የምንሄደው።» «ምንም የለውም፣ አንዴ ገብተህ ትወጣለህ።» «መርፌ የሚባል ነገር የለም።» «ስንመለስ ኬክ ቤት እንገባለን።»

ልጅ ኤም አር አይ ሊነሳ በሚሄድበት ጠዋት በየቤታችን የሚባለው ይኸው ነው። ከአራቱ ሦስቱ ውሸት ናቸው፤ አራተኛው ጉቦ ነው። ተናጋሪዎቹ ደግሞ ክፉ ሰዎች አይደሉም። እናት ናት፣ አባት ነው፣ አክስት ናት። ልጁን ከነፍሳቸው አብልጠው የሚወዱ ናቸው። ማንም ደፍሮ «ተዉ!» የማይላቸውም ለዚህ ነው። እኔ ግን እላለሁ። ተዉ! ልጁን አትዋሹት።

ይህን ስናገር ምን እንደምባል አውቃለሁ። ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት ተናግሬው ተቆጥተውኛል። «አንቺ አንጀት የለሽም እንዴ? ለሕፃን ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ምን ያውቅና ነው የምታስጨንቂው?» ተብያለሁ። ትልልቆቹ አዘኑብኝ። እኩዮቼ አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። ዝም ያሉት ግን ቡናው ሲያልቅ ተራ በተራ ጓዳ ድረስ ተከትለውኝ መጥተው «እውነትሽን እኮ ነው» አሉኝ። ጓዳ ውስጥ! በሹክሹክታ! ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። ጓዳ የምታምኑበትን ነገር ሳሎን የምትናገሩት መቼ ነው? ልጆቻችሁ አድገው ካገቡ በኋላ?

እስቲ መጀመሪያ ማሽኑ ራሱ ምን እንደሚፈልግ እንነጋገር። ኤም አር አይ እንደ ራጅና እንደ ሲቲ ስካን የራጅ ጨረር አይጠቀምም። የሚሠራው በኃይለኛ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው። በሰውነታችን ውሃና ስብ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን የሚመለሰውን ደካማ ምልክት እየለቀመ ምስል ያወጣል። የሚለቅመው ደግሞ በአንድ ቅጽበት አይደለም። በዙር በዙር ነው፤ አንዱ ዙር ብቻ ደቂቃዎች ይፈጃል። ጠቅላላው ምርመራ ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማሽኑ ታማሚውን የሚለምነው አንድ ነገር ነው፦ አትንቀሳቀስ። ልጁ አንገቱን ካዞረ የዚያ ዙር ምስል ይደበዝዛል። ደጋግሞ ካዞረ ሐኪሙ እጅ የሚገባው ምንም የማይነበብበት ጥላ ነው።

ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ ለዚህ የምርመራ ጥበብ ባበረከቱት ግኝት እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ራስ ቅል ሳይከፈት ውስጡ የተደበቀ ዕጢ ይታያል። የሚጥል በሽታ መነሻው የት እንደሆነ ይፈለጋል። ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ የተጠራቀመ ሕፃን፣ አከርካሪው ላይ ችግር ያለበት ሕፃን ምን እንደሚደረግለት የሚወሰነው ብዙ ጊዜ ይህ ምስል ታይቶ ነው። ይህን ሁሉ ጥበብ ግን እኛ ቤት የምትነገር አንዲት «ምንም የለውም» ገደል ትከተዋለች።

እንዴት? እንዲህ ነዋ። ልጁ «ፎቶ» ተብሎ ገባ። ፎቶ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ብልጭ ይልና ያልቃል። እዚህ ግን ክፍሉ ይበርዳል። ልብስህን አውልቅ ተባለ። አንገትህ ላይ ያለውን ፍታ ተባለ። የማያውቀው ሰው ጠባብ አልጋ ላይ አጋደመው። ጭንቅላቱ ዙሪያ የፕላስቲክ ክዳን ተገጠመ። አልጋው በራሱ ተንቀሳቅሶ ቱቦ ውስጥ ይዞት ገባ። ከዚያ ያ ድምፅ ጀመረ። ጆሮ ካልተሸፈነ ሊጎዳ የሚችል፣ ከ100 ዴሲቤል በላይ የሚወጣ ኳኳታ ነው። ማንም አልነገረውም። አንድ ሰው እንኳ አልነገረውም!

አሁን ይህ ልጅ ቢጮህ ጥፋቱ የማን ነው? ተነስቶ ቢሮጥስ? እሱማ በትክክል አስቧል። የነገሩትና ያየው አልተገናኘም። እንግዲያው የነገሩት ሰዎች አይታመኑም። «አያምም» ያሉትም ውሸት ነው ማለት ነው። ሊያም ነው ማለት ነው። ማምለጥ አለብኝ! የአምስት ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃና ከዚህ የተሻለ ድምዳሜ ከየት ያምጣ? እኛ ግን ምን እንለዋለን? «ረባሽ።» «አስቸጋሪ።» «አሳፈርከን።» ዋሽተን፣ አስፈራርተን፣ መጨረሻ ላይ ያፈርነው እኛ ሆንን!

ከዚያ የሚመጣውን ደግሞ ቁጠሩት። ቀጠሮው ተሰረዘ። ማሽኑ በየወረዳው ያለ ዕቃ አይደለም፤ ለእሱ ሲባል ከክፍለ ሀገር ተነስቶ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ያረፈ ቤተሰብ አለ። አባት ከሥራ ቀርቷል። በሺዎች የሚቆጠር ብር ተከፍሏል ወይም ከሰው ተበድረዋል። ወረፋው እንደገና ከኋላ ይጀምራል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሐኪሙ ይጠብቃል። በሽታው ግን አይጠብቅም። ይህ ሁሉ የመጣው እኮ ልጁን «እንዳይጨነቅ» ብለን ነው። አሁን አልተጨነቀም?

«ታዲያ ማደንዘዣ ይሰጠዋላ!» የሚል አይጠፋም። አፍ ላይ ምን ያህል ይቀላል! ማደንዘዣ ክብር የሚገባው ሕክምና ነው። በጣም ትንንሽ ልጆች ይህን ያህል ደቂቃ ድርቅ ብለው መተኛት አይችሉም፤ ብዙዎቹ ማስተኛ መድኃኒት ወይም ሙሉ ማደንዘዣ ያስፈልጋቸዋል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት፣ ኦቲዝም ያለበት፣ በጠና የታመመ ልጅም ሊያስፈልገው ይችላል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ የሚያሳፍርም ነገር የለውም። እኔ የማወራው ስለ ሰባትና ስምንት ዓመት ልጅ ነው። ቢነገረው፣ ቢለማመድ፣ ነቅቶ ተኝቶ ሊጨርሰው ይችል ስለነበረ ልጅ ነው። ለእሱ ማደንዘዣው የበሽታው ዋጋ አይደለም። የእኛ ውሸት ዋጋ ነው። የሚከፍለው ግን እሱ ነው፤ በገዛ ደም ሥሩ።

ሙሉ ማደንዘዣ ማለት የሠለጠነ ባለሙያ ማለት ነው። ማግኔት አጠገብ ያለ አደጋ መሥራት የሚችል የትንፋሽና የልብ መቆጣጠሪያ ማለት ነው። ልጁ እስኪነቃ የሚጠብቅ ሰውና አልጋ ማለት ነው። እነዚህ በአገራችን ሞልተው የተረፉ ነገሮች ናቸው? የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016 ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ተደጋጋሚ ወይም ከሦስት ሰዓት ያለፈ ማደንዘዣ በአእምሮ እድገት ላይ ተጽዕኖ ሊኖረው እንደሚችል አስጠንቅቋል። ይህ ማለት አንድ ጊዜ ለአጭር ሰዓት የተሰጠ ማደንዘዣ ልጅ ያበላሻል ማለት አይደለም። የሚያስፈልገውን ልጅ ከልክሉት ማለትም አይደለም። ማለቱ ግልጽ ነው፦ ያለ ምክንያት አትድገሙት። እኛ ግን «ፎቶ ነው» በሚል ምክንያት እናስደግመዋለን።

ጾሙስ? ማደንዘዣ የሚሰጠው ልጅ ቀለል ያለ ምግብ ከበላ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ጡት ከጠባ 4 ሰዓት፣ ውሃ ከጠጣ 2 ሰዓት ሊያልፈው ይገባል። ምክንያቱም ሰውነት ሲደነዝዝ ሆድ ውስጥ ያለው ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ይህ ሕይወት ያጠፋል። ይህን ግን ለአያት ማን ነገራቸው? ማንም። «ምንም አትስጡት» ተባሉ፤ አለቀ። እሳቸውም «የኔ ልጅ ባዶ ሆዱን ሊውል?» ብለው ብስኩቷን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው በጓሮ ሰጡት። «ለማንም እንዳትናገር» አሉት። በር ላይ ነርሷ ጠየቀች፤ «በልቷል?» እናት ማለች፤ «ኧረ ውሃም አልቀመሰ።» አያችሁ ውሸት እንዴት እንደሚዋለድ? ልጁን ዋሸነው፤ አያቱን ምክንያቱን ሳንነግራቸው ቀረን፤ አያቱ እኛን ደበቁን፤ ልጁ ምስጢር እንዲጠብቅ ታዘዘ፤ ሐኪሙ ሳያውቅ ተዋሸ። በዚህ ሰንሰለት መጨረሻ ላይ የተኛው ማን ነው? ጠበቃ የሌለው ብቸኛው ሰው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ዓመቱን ሙሉ ምን ስንል እንከርማለን? «ካልበላህ ዶክተሩ ይወጋሃል።» «ካልተኛህ መርፌ አስወጋሃለሁ።» «እሪ ካልሽ እዚሁ ሐኪም ቤት ጥዬሽ እሄዳለሁ።» ድሮ ጅብ ነበር የሚጠራብን። አሁን ከተማ ገባን፣ ጅቡ ራቀ፤ እኛም ነጭ ጋውን የለበሰውን ሰው በጅቡ ቦታ ተካነው። ልጁ ለዓመታት የሠለጠነው ሐኪምን እንዲፈራ ነው። አሠልጣኙ እኛ ነን። ከዚያ አንድ ጠዋት ወስደን ለዚያው ሰው እናስረክበውና «አይዞህ፣ ምንም አያደርግህም» እንለዋለን። ትናንት «ይወጋሃል» ያልነው እኛ! የትኛውን ይመን? የትናንቱን ወይስ የዛሬውን?

ደግሞ እኮ ልጅ እንዳይዋሽ የምንገርፍ ሰዎች ነን! ብርጭቆ ሰብሮ «እኔ አይደለሁም» ያለ ልጅ ቤት ውስጥ መድረሻ ያጣል። «መስበርህ አይደለም የከፋኝ፤ መዋሸትህ ነው» ብለን እንፈርድበታለን። በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም «አትዋሽ» እያልን እናስተምረዋለን። አንድ ሳምንት ሳይሞላ በሕይወቱ ከሁሉ በሚፈራበት ቀን ዓይኑን እያየን እንዋሸዋለን። እሱ ስለ ብርጭቆ ዋሸ። እኛ ስለ ገላው ዋሸነው። የማን ይብሳል?

«ወንድ ልጅ አያለቅስም» የምትሉስ? ለምን አያለቅስም? ማልቀስ ተፈቅዷል። ክልክሉ መንቀሳቀስ ነው፤ እሱም ማሽኑ በሚሠራበት ደቂቃ ብቻ። ይህን ልዩነት ብትነግሩት እንኳ ግማሹ ሸክም ይወርድለት ነበር። እናንተ ግን እንባውን ከልክላችሁት፣ እግሩን ማሰር ሲያቅታችሁ ትቆጣላችሁ።

ሆስፒታሎቻችንንም አልምራቸውም። የቀጠሮ ወረቀቷን አገላብጣችሁ እዩአት። ቀን አላት። ሰዓት አላት። ዋጋ አላት። «በባዶ ሆድ ይምጡ» የሚልም ይኖርባታል። ለልጁ የተጻፈ አንድ መስመር አላት? ለወላጁ «ልጅዎን እንዲህ ያዘጋጁት» የሚል አላት? የለም። እኔ በደረስኩባቸው ኮሪደሮች ያየሁት ሁሉ አንድ ነው፦ ሐኪሙ ከአባት ጋር በልጁ አናት ላይ ያወራል። «ዕጢም ሊሆን ይችላል።» «ኦፕራሲዮን ካስፈለገ እናያለን።» ልጁ መሐል ተቀምጧል። መስማት የማይችል መሰላቸው? ይሰማል እንጂ! ቁርጥራጩን ይሰማል። «ጭንቅላት» ይሰማል። «መክፈት» ይሰማል። እናቱ መሐረብ ስታወጣ ያያል። ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል፤ የሚሞላው ደግሞ ከእውነቱ አሥር እጥፍ በሚያስፈራ ነገር ነው። ብዙ ልጅ የታመመው ስላጠፋ፣ እግዚአብሔር ስለቀጣው ይመስለዋል። «ያንተ ጥፋት አይደለም» የሚለው ሰው የለም። ሁሉም «ምንም የለም» ነው የሚለው። ዝም ብለነው የጠበቅነው ይመስለናል። ከፍርሃቱ ጋር ብቻውን ነው የቆለፍንበት።

«ጊዜ የለንም፣ ወረፋው ብዙ ነው» ይላሉ ባለሙያዎቹ። ወረፋው ብዙ መሆኑ እውነት ነው። ደክሟቸዋል፤ እሱም እውነት ነው። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራው። ለልጅ አምስት ደቂቃ ማስረዳት ይበልጣል ወይስ የተደናገጠ ልጅ ሲያባብሉ አርባ ደቂቃ ማጣት? አምስቱ ደቂቃ ጊዜ ማባከን አይደለም። ጊዜ የሚተርፈው በእሱ ነው። ይህን ለማወቅ የሕክምና ዲግሪ አያስፈልግም።

የብረቱን ነገር ተመልከቱ። በር ላይ «ብረት አውጡ!» የሚል ጩኸት አለ። ለምን? አይነገርም። ስለማይነገርም ሰው ስልኩን በውስጥ ኪሱ ይዞ ሊገባ ይሞክራል፤ «ምን ያደርጋል፣ ድምፁን አጥፍቼዋለሁ» ይላል። ያ ማግኔት እኮ አይጠፋም! ሌሊትም፣ ሰው በሌለበትም ይስባል። እ.ኤ.አ. በ2001 በኒውዮርክ ግዛት ማሽኑ ውስጥ የተኛ የ6 ዓመት ልጅ፣ በስህተት ወደ ክፍሉ የገባ የብረት ኦክስጅን ሲሊንደር ተስቦ መትቶት ሞቷል። ይህን የሰማ ወላጅ ቁልፉን ይደብቃል? የልጁን ልብስ የያዘችውን መርፌ ቁልፍ ይረሳል? ሰው የሚታዘዘው ሲጮህበት ሳይሆን ሲገባው ነው። ማተብም እንዲሁ ነው። ክሩ ማንንም አይጎዳም፤ ጫፉ ላይ ያለው የብረት መስቀል ግን ውጭ መቆየት አለበት። ክታብም ውስጡ ምን እንዳለ ስለማይታወቅ ይወልቃል። የጸጉር ማስያዣ፣ ሎቲ፣ አምባር፣ የሚያብለጨልጭ የብረት ክር የገባበት የአገር ልብስ፣ ሁሉም ይቀራል። ይህን ቤት ሆናችሁ ብትነግሩት ልጁ መስቀሉን በገዛ እጁ ፈትቶ ለእናቱ ያስይዛል። ሳይነገረው በር ላይ ሲፈቱበት ግን ጠባቂውን የነጠቁት ይመስለዋል። ልዩነቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ነፈግነው!

አሁን ወደ ሰበቦቹ። «ልጅ ምን ያውቃል?» የመጀመሪያው ይህ ነው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያልን ስላደግን፣ ልጅ አያቦካም ብቻ ሳይሆን አያስብም ብለን ደመደምን። አራት ቋንቋ እየቀላቀለ የሚያወራ፣ የአባቱን ስልክ ቁልፍ የሚከፍት፣ ማን ከማን እንደተጣላ ከፊታችን የሚያነብ ልጅ «አልጋው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ማሽኑ ይጮሃል፣ አንተ ትተኛለህ» የሚለው አይገባውም? የማይገባን እኛ ነን።

ሁለተኛው፦ «ከነገርነው እንቅልፍ አጥቶ ይከርማል።» ታዲያ ከአንድ ወር በፊት ንገሩት ያለ ማን ነው? ትንሹን ልጅ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከፍ ያለውን ጥቂት ቀን ሲቀረው ንገሩት። ይፈራል፤ አዎ። ቤቱ ሆኖ፣ እናቱ ጉያ ሆኖ፣ እየጠየቀ ይፈራል። አለዚያስ? ማሽኑ ውስጥ ሆኖ፣ የሚጠይቀው አጥቶ ይፈራል። ፍርሃቱን አታስቀሩለትም። የምትመርጡለት ቦታውን ብቻ ነው።

ሦስተኛውና የሚያናድደኝ፦ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው። እነሱ ገንዘብ አላቸው።» በአሜሪካ የሕፃናት ሆስፒታሎች ሥራቸው ልጁን ማዘጋጀት የሆነ ባለሙያዎች መኖራቸው እውነት ነው። መለማመጃ የሚሆን የውሸት ማሽን ያላቸው ሆስፒታሎችም አሉ። ዳግ ዲትዝ የተባለ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ዲዛይነር ራሱ የሠራው ማሽን ፊት አንዲት ትንሽ ልጅ ስታለቅስ አይቶ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ክፍሎቹን የወንበዴ መርከብና የጠፈር ጉዞ አስመስሎ እስከማሳል ደርሷል። ገንዘብ የጠየቀው ቀለሙ ነው። ቁም ነገሩ ግን ቀለሙ አልነበረም። ኳኳታውን ከልጁ አልደበቀም፤ የጉዞው ክፍል አድርጎ አስቀድሞ ነገረው። መንገር ደግሞ ስንት ብር ነው? ተረት ለማውራት እኛ ከማን ልናንስ? በዚህ አገር ተረት የማያውቅ አያት አለ? ማታ ማታ «ተረት ተረት» ስንል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ልጅ ይዘን፣ ስለ ነገው ቀኑ አንድ እውነተኛ ታሪክ መንገር አቃተን!

ባሕር ማዶ ያላችሁም አትሳቁ። ባለሙያዋ መጥታ ለልጁ በእንግሊዝኛ በትዕግሥት ስታስረዳው ከኋላዋ ሆናችሁ በአማርኛ «አትስማት፣ ምንም የለውም» የምትሉ አላችሁ። ልጁ ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማል። አንዱ ቋንቋ እውነት የሚነገርበት፣ ሌላው የሚዋሽበት ነው ብሎ ቢደመድም ትፈርዱበታላችሁ?

«እሺ፣ ምን እንበለው?» ትሉ ይሆናል። ያለውን በሉት። «ሐኪሙ ጭንቅላትህ ውስጥ ምን እንደሚያምህ ማየት ይፈልጋል። ያጠፋኸው ነገር የለም። ትልቅ ማሽን አለ፤ በፊትም በኋላም ክፍት ነው። አልጋው ይዞህ ይገባል። ማሽኑ በጣም ይጮሃል፤ ሲጮህ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ጆሮህን ይሸፍኑልሃል። ማሽኑ አይነካህም። አንተ ግን አትንቀሳቀስም፤ መተንፈስ፣ ዓይን መጨፈን ትችላለህ። እጅህ ላይ የምትጨምቀው ነገር ይሰጡሃል፤ ከጨመቅከው ሰው ይመጣል።» እናቱ አብራ እንድትገባ ከተፈቀደላት «እዚያው ነኝ» ትበለው። ካልተፈቀደላት «በር ላይ ነኝ፤ ስትወጣ መጀመሪያ የምታየው እኔን ነው» ትበለውና እውነትም በሩ ላይ ትገኝ። ሻይ ልትጠጣ እንዳትሄድ!

መርፌ ካለ መርፌ አለ በሉ። አንዳንዱ ምርመራ ኮንትራስት የሚባል መድኃኒት በደም ሥር ይፈልጋል። ወረቀት ላይ ሳታጣሩ «መርፌ የለም» ብላችሁ አትማሉ። «ትንሽ ይወጋል፣ ቶሎ ያልፋል፣ እጄን ጨብጥ» በሉት። ማደንዘዣ የሚሰጠው ከሆነም ይነገረው፦ «መድኃኒት ሰጥተው ያስተኙሃል፤ ሲያልቅ ያነቁሃል። ለዚህ ነው ቁርስ የማትበላው።» ምክንያቱን ያወቀ ልጅ ብስኩት ሲሰጠው «አልችልም፣ ዶክተር ከልክሎኛል» ብሎ አያቱን ራሱ ያስተምራቸዋል።

ከዚያ አለማምዱት። ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፉና ራሱን በጠረጴዛ ሥር አስገብቶ ይተኛ። ትሪ ምቱ፣ ድስት ምቱ። ታላቅ እህቱ ትቁጠር፤ ከተንቀሳቀሰ እንደ አዲስ ይጀመር። የማሽኑን ድምፅ ስልክ ላይ ፈልጋችሁ አሰሙት። ከዚያ እሱ ሐኪም ይሁንና አሻንጉሊቱን ያስተኛት፤ «እንዳትንቀሳቀሺ» ብሎ ይቆጣት። ከመሄዳችሁ በፊት ሽንቱን ይሽና። ይኼው ነው። ሁሉም ልጅ ይሳካለታል አልልም። ሞክሮ ያልቻለ ልጅ ግን ተታሎ ካልቻለ ልጅ ጋር አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ነገ ደግሞ ይሞክራል። ሁለተኛው ነጭ ጋውን ባየ ቁጥር እሪ ይላል።

ሕጉን ጥቀሺ ካላችሁኝም እጠቅሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት አገራችን እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላለች። አንቀጽ 12 ልጁ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይናገራል። ስለማያውቀው ነገር ምን ሐሳብ ይግለጽ? ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት ይታሰብ ይላል። የልጁ! የወላጁ ምቾት አላለም። የምንዋሸው እኮ ለእሱ ብለን አይደለም። የእሱን ፊት፣ የእሱን ጥያቄ፣ «እማዬ፣ እሞታለሁ እንዴ?» የሚለውን ቃል መስማት ስለምንፈራ ነው። የምንጠብቀው የራሳችንን አንጀት ነው።

ይህ ልጅ ደግሞ ያድጋል። አሥራ አምስት ዓመት ይሞላዋል። አንድ ቀን ሰውነቱ ላይ እብጠት ያገኛል፣ ወይም ለማንም የማይናገረው ሕመም ይገጥመዋል። ለማን ይናገር? ያኔ «ለምን አልነገርከንም?» ብለን ራሳችንን እንይዛለን። ስለ ሰውነቱ እውነት የሚነጋገሩት ከእናንተ ጋር እንዳልሆነ እኮ በአምስት ዓመቱ አስተምራችሁታል። ትምህርቱ ገብቶታል።

ስለዚህ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ወረቀቷ ጀርባ ላይ አሥር መስመር ጻፉ፤ ለወላጅ ስጡ፤ ባለሙያውም ልጁን በስሙ ጠርቶ ያናግረው። ይህ በጀት አይጠይቅም። እናንተ ወላጆች ደግሞ ሆስፒታል እስኪጽፍላችሁ አትጠብቁ። ቀጠሮው ነገ ከሆነ ዛሬ ማታ ንገሩት። ዛሬ ከሆነ አሁን ንገሩት። ታክሲ ውስጥ ከሆናችሁ ታክሲ ውስጥ ንገሩት። በሩ ላይ ደርሳችሁ ከሆነም በርከክ ብላችሁ፣ ዓይኑን እያያችሁ ንገሩት። ዋሽታችሁት ከነበረም መዋሸታችሁን ጨምራችሁ ንገሩት።